«ብሬከሩን በባለ40 ልቀይረው ወይ?»

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ በምንጠቀምበት ግቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። ከማስተማር በተረፈኝ ሰዓት የበርና የመስኮት ፍርግርግ እየሠራሁ ኑሮዬን ልደጉም ብዬ ባለ200 አምፔር ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ገዛሁ። ሶኬቱ ቤት ውስጥ፣ የምሠራበት ቦታ ደግሞ ከግቢው ጀርባ ስለሆነ በ30 ሜትር ኤክስቴንሽን ነው የምስበው። ኤሌክትሮዱ (የብየዳ ዘንጉ) ብረቱ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። አምፔሩን ስጨምረው ደግሞ ብሬከሩ ይጥላል። ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎረቤቴ ‹ባለ16ቱን አውጥተህ ባለ40 ግጠምበት፣ ትገላገላለህ› አለኝ። ልቀይረው ወይ? ሌላስ ምን ልጠንቀቅ?»

አትቀይረው፣ ወንድሜ። ጎረቤትህ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን ምክሩ ችግሩን ከዓይንህ ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ብሬከር የሽቦ ዘበኛ ነው። ምን ማሽን እንደሰካህ አያውቅም፣ ግድም የለው። የሚያውቀው ከኋላው ያለው ሽቦ ስንት አምፔር እንደሚችል ብቻ ነው። ወደ ሶኬትህ የሚሄደው ባለ 2.5 ስኩዌር (ስኩዌር ሚሊ ሜትር፣ የሽቦው ውፍረት ማለት ነው) መዳብ ከሆነ ባለ16 ብሬከር ልኩ ነው። እዚያው ሽቦ ላይ ባለ40 ብትገጥም፣ 35 አምፔር ሲያልፍ ብሬከሩ ዝም ብሎ ያያል፤ ሽቦው ግን ቱቦው ውስጥ ይቀቀላል።

አንድ ጊዜ «ቤቱ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል» ተብዬ ተጠርቼ ሄድኩ። ከኮርኒሱ በላይ ያለችውን የመገናኛ ሳጥን ስከፍት ሁለት ሽቦዎች በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮውን በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ተፈረፈረ። ከሥሩ መዳቡ ጠቁሯል፤ የሽቦው ልባስ ቀልጦ እንደ ሻማ ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል። ከሳጥኗ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ የተወጠረው ኮርኒስ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። ብሬከሩ በትልቅ ከተቀየረ ሦስት ወሩ ነው አሉኝ። በሦስቱም ወር አንድ ቀን እንኳ አልጣለም፤ ቤተሰቡም በዚያ ደስተኛ ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ሁለት ችግር ብለህ የጻፍካቸው፣ መጣበቁና መጣሉ፣ አንድ በሽታ ናቸው። የሚጀምሩትም ከኤክስቴንሽንህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ቁጥሩን አብረን እንየው።

ማሽኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 200 ወደ ብረቱ የሚወጣው አምፔር ነው፤ ከግድግዳ የሚስበው ሌላ ነው። በ100 አምፔር ስትበይድ ቅስቱ ላይ፣ ማለትም በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል በሚበራው እሳት ላይ፣ ያለው ቮልቴጅ 24 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 2.4 ኪሎዋት እሳት ላይ ይውላል። የማሽኑን ብክነትና ርካሽ ኢንቨርተሮች ኮረንትን በተቆራረጠ መልክ መሳባቸውን ስትጨምርበት ከ220 ቮልት መስመር 19 ወይም 20 አምፔር ይጎትታል። በ70 አምፔር ከሆነ 13 አካባቢ ነው። 200 ላይ ብታደርገው ወደ 45 ይጠጋል። ከማሽኑ ጀርባ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ «አይ 1 ማክስ» ተብሎ የሚነበበው ቁጥር ይህንኑ ይነግርሃል፤ ከእኔ ግምት ይልቅ እሱን እመን።

ለግቢው ሰው በቀላሉ የሚገባው ግን በምጣድ ሲነገር ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት አካባቢ ይበላል፤ ይህም ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። እንግዲህ አንተ በ100 አምፔር በበየድክ ቁጥር ግቢው ውስጥ ሌላ ምጣድ ተጣደ ማለት ነው። አራት አባወራ፣ አንድ ቆጣሪ፣ ሁለት ምጣድ፣ ያንተ ማሽን። ብሬከሩ ምን ያድርግ?

ኤክስቴንሽኑ ደግሞ እንዲህ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ባለ 1.5 ስኩዌር ነው፤ እሱም ልኩን ከያዘ። የ30 ሜትር ገመድ ሄዶ መልስ 60 ሜትር ሽቦ ነው፤ ተቃውሞው 0.7 ኦም ይሆናል። 20 አምፔር ሲያልፍበት 14 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 280 ዋት ያህል ሙቀትም ገመዱ ላይ ይዘራል። ምሽት ላይ መብራቱ 195 ላይ ከወረደ ማሽንህ ጋር የሚደርሰው 181 ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች የተሠሩት ለ220 ሲደመር ሲቀነስ 15 በመቶ ነው፤ ዝቅተኛው 187 ማለት ነው። ከዚያ ሲወርድ ቅስቱ ይደክማል፣ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። አንተ ደግሞ «ኃይል አነሰው» ብለህ ቁልፉን ወደ ላይ ታዞራለህ። ኢንቨርተር ቮልት ሲያንሰው አምፔር ጨምሮ ነው የሚያካክሰው፤ በዚህ ላይ አንተ ስትጨምርበት ብሬከሩ ይጥላል። ዘበኛው ሥራውን ሠራ።

በነገራችን ላይ ኤክስቴንሽኑን ሳትዘረጋ፣ በጥቅልሉ ላይ እንዳለ እየሰካህ ከሆነ ዛሬውኑ ተው። ያ 280 ዋት በ30 ሜትር ላይ ሲበተን ገመዱ ለብ ይላል፤ በአንድ ጥቅልል ውስጥ ሲታመቅ ግን መሃሉ ይቀልጣል። ውጪውን በእጅህ ዳስሰህ «ደህና ነው» ትላለህ፤ ልቡን አላየህም። ሽቦ ስትገዛ ደግሞ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርግ፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንህም።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። አከራይህን አስፈቅደህ፣ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው ሥር ለብቻው የሚወጣ መስመር ታስዘረጋለህ፤ ባለ 6 ስኩዌር መዳብ፣ ባለ32 ብሬከር። ብሬከሩ «ሲ» የሚል ዓይነት ይሁን፤ ማሽኑ ሲበራ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ለቅጽበት ብዙ ስለሚጎትቱ «ቢ» ዓይነቱ ያለ ጥፋቱ ይጥልብሃል። ከሱ ጋር 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የሰው መከላከያ ብሬከር ይገጠም። ሶኬቱ የሥራ ቦታህ ድረስ ከመጣ ኤክስቴንሽን የሚባል ነገር አያስፈልግህም። ባለ 6 ስኩዌሩ በ30 ሜትር ላይ በ20 አምፔር የሚያስቀረው 3.5 ቮልት ብቻ ነው። ራቅ ብለህ መሥራት ካለብህ ማሽኑን ከሶኬቱ አታርቀው፤ የብየዳውን ገመድ በባለ 25 ስኩዌር አስረዝመው።

ይህም ሆኖ የግቢው ዋና ብሬከር ሁለት ምጣድና አንድ ብየዳ አይችልም። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀንና ሰዓት ጠይቀህ ያንተን በሌላ አድርገው። ሥራው ከጠናልህና በቋሚነት ከያዝከው፣ የራስህን ቆጣሪ ከመብራት ኃይል ጠይቅ፤ ማሽንህ የበላውን ኮረንት ጎረቤት በአራት አካፍሎ ሲከፍል ስንት ወር ዝም እንደሚል አንተም ታውቃለህ።

መስመሩ እስኪዘረጋ ሥራ አቁም አልልህም። ለፍርግርግ የምትጠቀምበት አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ግድግዳው 1.2 ወይም 1.5 ሚሜ ነው፤ ለሱ 100 አምፔር ምን ይሠራል? 6013 የሚባለውን ዓይነት ባለ 2.5 ሚሜ ኤሌክትሮድ ይዘህ ከ60 እስከ 70 አምፔር ይበቃሃል። ይህን ያለውም ባለ16 ብሬከር ይችለዋል፣ ሌላ ከባድ ነገር በዚያ መስመር ላይ ካልተሰካ። በግምት ለኤሌክትሮዱ ውፍረት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ከ30 እስከ 40 አምፔር ያዝ፤ ለቀጭን ብረት ከዚያ ዝቅ በል። ኤሌክትሮድ መያዣውን ኔጌቲቩ ላይ ብትሰካው ወደ ብረቱ የሚሄደው ሙቀት ስለሚቀንስ ቀጭኑን አይበሳብህም። ከተጣበቀብህ ወደ ጎን ጠምዘዝ አድርገህ ንቀለው፤ እምቢ ካለ የመያዣውን መንጋጋ ክፈትና ልቀቀው። ኤሌክትሮዱ ቀይ ፍም እስኪሆን ስትታገል ያየሁህ ይመስለኛል፤ ሁላችንም እዚያ አልፈናል።

እርጥበትም አለበት። በክረምት የሐይቁ ዳር አየር እንኳን ኤሌክትሮድ ጨውንም ያረጥባል። ፓኬቱን ከከፈትክ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠው። 6013 ከ70 እስከ 110 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ቢሞቅ በቂው ነው። እንጀራ ምጣድ ላይ አሰጥቶ ማድረቅ የሚባለውን ነገር ግን ተወው፤ ምጣድ ከ200 ዲግሪ ያልፋል፣ ልባሱ ውስጥ ሊቀር የሚገባውን ጥቂት እርጥበት ጭምር አውጥቶ ይሰነጥቀዋል። 7018 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ 300 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለፍርግርግ ግን አያስፈልግህም።

አሁን ብዙ በያጅ የሚስተው ነገር። በእኛ አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «ግራውንድ» እያልን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። አንደኛው ከሶኬቱ የሚመጣው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ፣ ኤርዝ የሚባለው ነው። የማሽኑን ቆርቆሮ ከመሬት ያገናኛል፤ ውስጡ ያለው ፌዝ (ኮረንት ያለበት ሽቦ) አካሉን ቢነካ አንተን ከመምታቱ በፊት ብሬከሩን ያስጥላል። ሁለተኛው የምትበይደውን ብረት የሚነክሰው ክላምፕ ነው፤ ብየዳው ወደ ማሽኑ የሚመለስበት መንገድ። የመጀመሪያው በደህና ቀን ምንም አይሸከምም። ሁለተኛው በበየድክ ቁጥር 70 ወይም 100 አምፔር ይሸከማል። «ክላምፑን አስሬዋለሁ፣ ግራውንድ አለኝ» ብሎ ባለ ሁለት ሽቦ ኤክስቴንሽን የሚጠቀም ሰው ሁለቱን አምታቷቸዋል።

ክላምፑ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ካረፈ ምን እንደሚሆን ላሳይህ። ኮረንቱ መመለሻ ሲያጣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አጠገብህ አካሉ ብረት የሆነ፣ ኤርዝ ያለው ድሪል የምትበይደው በር ላይ ተጋድሞ ከሆነ፣ ብየዳው በድሪሉ ኤርዝ ሽቦ በኩል ዞሮ ወደ ማሽኑ ለመመለስ ይሞክራል። ያ ሽቦ ቀጭን ነው፤ ይቃጠላል። ብሬከሩም አይጥልም፣ ምክንያቱም ይህ ከማሽኑ የወጣ ኮረንት እንጂ በብሬከሩ ያለፈ አይደለም። ቤቱ ኤርዝ አልባ ሆኖ ይቀራል፤ አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ሰው እስኪነዝር ድረስ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ክላምፑን ከምትበይድበት ነጥብ አንድ ክንድ ሳይርቅ፣ በፋይል ወይም በግራይንደር ነጭ እስኪሆን በተፋቀ ብረት ላይ አድርገው። ባጃጅ ላይ ሥራ ከመጣልህም የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ክላምፑንም እዚያው የብየዳው ስፌት አጠገብ እሰር፤ የጎማው ብረት ላይ ብታስረው ኮረንቱ በኩሽኔቱ ውስጥ አልፎ ይበላዋል።

ሶኬትህ እውነተኛ ኤርዝ እንዳለው አስለካ። ሦስት ቀዳዳ መኖሩ ምስክር አይሆንም፤ ከኋላው ባዶ የሆነ ስንት ሶኬት ፈትቻለሁ። በመሬት ውስጥ የተቀበረውም ዘንግ ቢሆን በዋልካ አፈር ላይ ከሆነ በበጋ መሬቱ ሲሰነጠቅ ይለቀዋል፤ በነሐሴ ጥሩ የነበረ ልኬት በሚያዝያ ላይሆን ይችላል። ኤርዝ የለም ብሎ ኑትራሉን (የመስመሩን መመለሻ ሽቦ) ከማሽኑ አካል ጋር የሚያስርልህ «ባለሙያ» ካጋጠመህ ሻይ ጋብዘህ ሸኘው።

ኤሌክትሮዱ ላይ ሳትበይድ ያለው ቮልቴጅ ከ60 እስከ 80 ነው። በደረቅ ጓንት ምንም አይመስልም። በላብ በራሰ ጓንት፣ ዝናብ ባጨቀየው ግቢ፣ በነጠላ ጫማ ግን ሰው ይገድላል። ደረቅ ጣውላ ወይም ጎማ ላይ ቁም፤ ኤሌክትሮድ በባዶ እጅ አትቀይር፤ መያዣውን ብብትህ ውስጥ አታስገባ። ማሽኑ ላይ «አይፒ21» ከተጻፈ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጠብታ ይችላል ማለት ነው እንጂ የሐምሌን ዝናብ አይደለም። ሰማዩ ከጣና በኩል ሲጠቁር ንቀለው።

ስለ ዓይን፦ ጨለማ መስታወቱ እስከ 80 አምፔር ቁጥር 10፣ ከዚያ በላይ ቁጥር 11 ይሁን። ለነጥብ ብየዳ ብሎ ዓይንን ጨፍኖ መምታት የብዙ ልጆች ልማድ ነው፤ ከጨረሩ የዓይን ቆብ ይጠብቀኛል ብለህ አትመካበት። ቅስቱ ከመታህ ወዲያው አይታወቅህም፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ዓይንህ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስልሃል። ያኔ ድንችም ወተትም አታድርግበት። ንጹሕ ቀዝቃዛ ጨርቅ በተጨፈነው ዓይንህ ላይ አድርገህ ጨለማ ክፍል ተኛ፣ በጠዋት ጤና ጣቢያ ሂድ። በአብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ይሻላል። አንተ ማስክ አለህ፤ የግቢው ሕፃናት ግን የላቸውም፣ ብልጭታውንም ይወዱታል። በቆርቆሮ ወይም በፕላይውድ ከልለህ ሥራ።

ጭሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ከሌላ በሽታ ጋር ይምታታል። ዚንክ የተቀባ ቱቦ፣ ጋልቫናይዝድ የምንለውን፣ ሳትፍቅ ከበየድከው ነጭ ጭስ ይወጣል። ጠዋት ተነፍሰኸው ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ መገጣጠሚያህ ይቆረጣጠማል፣ አፍህ ብረት ብረት ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ በጥቅምት እንዲህ የሆነ ሰው ምን ይላል? «ወባ ነው» ብሎ መድኃኒት ይገዛል። በማግስቱ ሲሻለው መድኃኒቱ ሠራ ይላል፤ የዚንክ ትኩሳት ግን በራሱም በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ተገላቢጦሹም አደገኛ ነው፤ እውነተኛ ወባን «የብየዳ ጭስ ነው» ብሎ መተኛት አለ። ስለዚህ ተመርመር፤ ለሐኪሙም ምን ስትበይድ እንደዋልክ ንገረው። ከመበየድህ በፊት ከስፌቱ ግራና ቀኝ ሦስት አራት ጣት ያህል ዚንኩን ፍቀው፣ ነፋስ ከጀርባህ ሳይሆን ከጎንህ እንዲመጣ ሆነህ ቁም። ለጭስ መድኃኒት ነው የሚባለውን ወተት ከወደድከው ጠጣው፤ ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው።

ግራይንደሩን በያጅ ሁሉ ይንቀዋል፤ እኔ ግን ካየኋቸው ጠባሳዎች የሚበዙት የሱ ናቸው። ጋርዱን (የዲስኩን መከለያ) ፈትቶ በትንሹ ግራይንደር ላይ ትልቁን ዲስክ መግጠም የሞት ጨዋታ ነው። ባለ 230 ሚሜ ዲስክ የሚችለው በደቂቃ 6,600 ዙር አካባቢ ነው፤ ትንሹ ግራይንደር 11,000 ይዞራል። ዲስኩ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው።

በርሜል፣ ጀሪካን፣ የባጃጅ ወይም የሞተር ጀልባ የነዳጅ ታንከር «ባዶ ነው፣ አጥቤዋለሁ» ተብሎ ቢመጣልህ፣ ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢሆን መልሰው። የሚፈነዳው በስፌቱ ውስጥ የተደበቀው ትነት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ባዶው ከሙሉው ይብሳል። ፍንጣሪ አሥር ሜትር ይደርሳል፤ ገለባ፣ ካርቶን፣ የዶሮ ቤት ካለ አርቅ። አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብህ ይኑር፤ ጨርሰህ ወዲያው አትሂድ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከተቻለም አንድ ሰዓት እዚያው ቆይ። ልብስህ ጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተር ቱታ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ሱሪህ ከጫማህ ውጪ ይውረድ፤ ጫማ ውስጥ የገባች ፍንጣሪ የምታስጨፍረውን ጭፈራ እስክስታ አይስተካከለውም።

የማሽኑን ሰሌዳ አንብበህ «አይ 1 ማክስ» ስንት እንደሚል፣ ከቆጣሪው እስከ ሥራ ቦታህ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይና እኩለ ቀን ላይ ሶኬትህ ላይ የሚለካው ቮልት ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ፤ የሽቦውን ልክ እኔ አወጣልሃለሁ። እስከዚያ ኤክስቴንሽኑን ሙሉ በሙሉ ዘርግተህ፣ 65 አምፔር ላይ አድርገህ ቁርጥራጭ አርኤችኤስ ላይ ተለማመድ። ምጣድ በማይጣድበት ሰዓት።